ከአምፓሮ ፎቶ ሥር ያለው ባዶ ወረቀት

ሴፕቴምበር 6፣ 1987፣ እሑድ

መምህር ኦዲሎን «በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይሸሻችኋል» ብሎናል። ሸሽቶ የት ይደርሳል? ከሳንታ ሪታ የሚሸሽ ሁሉ የሚሄደው ድንበር ተሻግሮ ወደ ሰሜን ነው። ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ ከሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ ነው። ይህን ደብተር ማንም እንዲያየው አልፈልግም። በበቆሎው እንስራ ውስጥ ነው የማኖረው።

ዛሬ ሴቶቹ ከቅዳሴ መልስ ግድግዳውን ሊያዩ መጡ። ባሌ አንሴልሞ የከተማው ፎቶ አንሺ ነበር። ሲሞት ሦስት ሣጥን ሙሉ ፎቶ ትቶልኝ ሄደ። ተነሥተው ሳይወስዱት ወደ ሰሜን የተሰደዱ ሰዎች ፎቶ ነው። ልጥለው አስቤ ነበር። ከዚያ አንዱን ሰቀልኩት፤ ከዚያ ሌላውን። አሁን የፊት ክፍሉ ሁለት ግድግዳ ሞልቷል። በመሐል በመሐሉ በቆርቆሮ ላይ የተሳሉ የስለት ሥዕሎች አሉ፤ ከካላንደር የገነጠልኩት ባሕርም አለ። መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ደግሞ ከየሥራቸው በቁራጭ ወረቀት የመጣልኝን እጽፋለሁ። ከባሕሩ ሥር «አይቼህ አላውቅም፣ ግን ትናፍቀኛለህ። ያላዩት ሲናፍቅ የሚቀየም ስለሌለ ይቀላል» ይላል።

በባዶው ወንበር ፎቶ ዛሬም ተጣሉ። አንሴልሞ መብራቱን ሊሞክር ያነሣው ወንበር ነው። ከኋላው በሸራ የተሳለው ሐይቅና ዳክዬ ብቻ ይታያል፤ ሰው የለበትም። ከሥሩ «ሁሉም የራሱን ሰው ያስቀምጥበት» ብዬ ጽፌያለሁ። የዳቦ ጋጋሪው እናት «ይኸ የኔ ልጅ የተነሣበት ወንበር ነው» ስትል ኩካ ቀበል አድርጋ «ያንቺ ልጅ ቢቀመጥበት ኖሮ ዛሬ ወንበር ይኖር ነበር? ያን ቂጥ ተሸክሞ!» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ኩካ አበልጄ ናት፤ ልጄን አምፓሮን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። የአምፓሮ ፎቶ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ያ ጥጉ የተቃጠለው። ወረቀት ለጥፌለታለሁ። አልጻፍኩበትም። ሰው ሲጠይቀኝ «ቀለም አልቆብኝ ነው» እላለሁ።

ሴፕቴምበር 9

ዝናብ። በለስ ለቀምኩ። ጣቴ እሾህ በእሾህ ሆኗል፤ እስክሪብቶ አልይዝ አለ።

ሴፕቴምበር 15

ቶማሳ ዛሬ ስምንት ሰው ጠራች። በከተማው ያለው አንድ ስልክ እሷ ዘንድ ነው። ከሰሜን ሲደወል በጣሪያዋ ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ስም ትጠራለች፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ ሊጡን ከእጃቸው ሳያራግፉ ይሮጣሉ። እኔን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጠርታኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ግን «ኤውላሊያ!» ብላ ጠርታ ነበር፤ አደባባዩ ድረስ ሮጥኩ። የአናጺው ሚስት ኤውላሊያ ኖራለች። ቶማሳ ስታየኝ ዓይኗን ሰበረች። ከገበያ እንደሚመለስ ሰው ዘወር ብዬ መጣሁ፤ ዘንቢል እንኳ አልያዝኩም ነበር።

እኔ የማንንም ስልክ አልጠብቅም። ይህን የጻፍኩት ድምፅ ማጉያው ራሴን ስላመመኝ ነው።

ሴፕቴምበር 20፣ እሑድ

ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ፣ ከባህል ቤት አንዲት ልጅ መጣች። ኢሜልዳ ትባላለች። ሱሪ ለብሳለች፤ በአንገቷ ካሜራ አንጠልጥላለች። ግድግዳውን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ዶኛ ኤውላሊያ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ምስማሩን መዶሻው፤ ጽሑፉን መምህር ኦዲሎን።»

እየዞረች ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ተራ በተራ አንድ ቀሚስ ለብሰው ከተነሡት እህትማማቾች ሥር ያለውን፦ «ሁለቱም ሄዱ። ቀሚሱ እዚህ ቀረ።» ከተገለበጠው የጭነት መኪና የስለት ሥዕል ሥር ያለውን፦ «እመቤታችን አውጥታዋለች። ከወጣ በኋላ የት እንደሄደ ለሷም አልነገራትም።» የጻፍኩትን በሌላ ሰው አፍ ስሰማው የጻፍኩት እኔ አልመስል አለኝ። ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜ በራስ ሥራ መደሰት ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ለኖቬምበሩ የሙታን ቀን ሁሉንም ወስዳ በባህል ቤቱ ልታሳየው ትፈልጋለች። ሴቶቹን ልጠይቅ አልኳት። ከአምፓሮ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

«እቺስ ማናት? ወረቀቷ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ቀለም አልቆብኝ ነው።»

«ጥጉስ?»

«እሳት ነክቶት።»

በሩ ላይ የቆመችው ኩካ ሳል ያዛት። ጉንፋን እንኳ የለባትም።

ሴፕቴምበር 27፣ እሑድ

ኩካ ከስልክ ቤት በቀጥታ ወደኔ መጣች። ልጇ ሮሳልባ ቺካጎ ነው ያለችው፤ አምፓሮ ከምትኖርበት መንገድ ላይ። ስለ አምፓሮ ጠይቄ አላውቅም፤ ኩካም ነግራኝ አታውቅም። ዛሬ ግን ገና ከደጃፉ «አበልጄ፣ እስቲ ተቀመጪ» አለችኝ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ጡቷ ላይ እብጠት አግኝተዋል። በኖቬምበር አራት በቀዶ ሕክምና ያወጡላታል።»

ባቄላ እየለቀምኩ ነበር። መልቀሜን አላቆምኩም።

«ንገሪያት ብላ ነው?»

«ኧረ! አትንገሪያት ነው ያለችው።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«አፌን ታውቂው የለ እንዴ! ይኸው ስንት ዓመት ዘግቼው ቆየሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርገው?»

ስትሄድ ማሰሮውን አየሁት። ባቄላውን ለዶሮ ጥዬ ጠጠሩን አጥቤ ጥጃለሁ።

ሴፕቴምበር 28

ኖቬምበር አራት። ከሙታን ቀን ሁለት ቀን በኋላ። ሌላ ቀን አጡ?

ኦክቶበር 3

ለአምፓሮ ደብዳቤ ጀመርኩ። «የተከበርሽ ልጄ» ብዬ ጻፍኩ፤ መምህር ኦዲሎን ያስተማረን አጀማመር ነው። ቀደድኩት። «አምፓሮ፣ እንዳመመሽ ሰማሁ» አልኩ። ሰማሁ? ከማን? ቀደድኩት። «ልጄ» ብቻ ብዬ ጻፍኩና ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ስመለከታት አረፈድኩ።

ለማላውቀው ሰው ሁሉ ናፍቆት ቃል አገኛለሁ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ለተነሣው ገበሬ «ሊሄድ ነው ወይስ መምጣቱ? ፎቶ ይህን አይናገርም» ብዬ ስጽፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሚስቱ አንብባ አለቀሰች፤ እኔ ኮራሁ። የሰው ቁስል ላይ ጎበዝ ነኝ።

ኦክቶበር 8

ንስሐ ገባሁ። አዲሱ ቄስ ልጅ ነው። ሻማ ሰው ሊገድል ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ዶኛ ኤውላሊያ፣ ሻማ ቤት ያቃጥላል እንጂ ሰው አይገድልም።» ሲስቅ ከመናዘዣው መስኮት ወንፊት በስተጀርባ ሰማሁት።

ከበራ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ልጠይቀው ነበር። ተውኩት። ለሳቁ ሦስት አቡነ ዘበሰማያት አዘዘልኝ፤ ለኔ ነው ያለው ግን።

ኦክቶበር 12

ስምንት ሰው ተጠራ። አሥራ አንድ ሰው ትናንት። ለምን እንደምቆጥር አላውቅም።

ኦክቶበር 17

ኢሜልዳን አባረርኳት።

በትልቅ ወረቀት የሣለችውን ይዛ መጣች፤ በባህል ቤቱ ሊሠራ የታሰበውን። ግድግዳዬ እንዳለ ተሥሏል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ሻማ። ከሻማው ዙሪያ ብርቱካናማው የሙታን አበባ። ከፊቱ የሙታን ዳቦ።

«እንደ አንድ ትልቅ የሙታን ገበታ ይሆናል» አለችኝ፤ ፊቷ በርቷል። «ሰው ሲገባ ሁሉም ሻማ—»

«ሞቱ ያለሽ ማን ነው?»

«አይ፣ ለማለት የፈለግኩት... ስለሌሉ...»

«መሄድና መሞት አንድ ነው? እናቶቻቸው በየእሑዱ ‹ደህና ዋልክ› እያሉ የሚያናግሯቸውን ሰዎች ነው ሻማ የምታበሪባቸው? በገበታ ላይ ፎቶ ቆሞ ሻማ ከበራለት ሰውየው አለቀለት! ይህን የማያውቅ የሳንታ ሪታ ሕፃን የለም! አንቺን ማን ወለደሽ? ለሕያው ሰው ሻማ የሚያበራ ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው?»

ኩካ በሩ ላይ ነበረች። ቀስ ብላ፣ ለራሷ፣ «ይህን የምትለው ማን ሆና ነው!» አለች።

ሰማኋት። ኢሜልዳም ሰማች። ወረቀቷን ጠቅልላ እያለቀሰች ወጣች። ኩካ ተከትላት ሄደች፤ ወደኔ አልዞረችም።

ኦክቶበር 18፣ እሑድ

በሬን ዘጋሁ። ሴቶቹ አንኳኩ፤ ራሴን አሞኛል አልኩ። እሺ፤ ይጻፍ።

አምፓሮ የሄደችው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በሜይ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ደህና ነበር፤ እሱ ራሱ አውቶቡሱ ድረስ ሻንጣዋን ተሸከመላት። በኦገስት ልቡ ቆመ። ኩካ ቴሌግራም ላከችልኝ። ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ በረዶ ከሥሩ እያኖርኩ ሬሳውን አቆየሁት። በሦስተኛው ቀን የድሮው ቄስ «ዶኛ ኤውላሊያ፣ ይበቃል፤ ይህ ሙቀት አያከብረውም» አሉኝ። ቀበርነው። አልመጣችም። መልስም አልመጣም።

በኦክቶበር ደብዳቤ መጣ። ማንበብ አልችልም። ኩካ ታነባለች፤ ቄሱ ያነባሉ፤ ፖስታ ቤቱም ያነባል። ግን የልጄን ሰበብ በሌላ ሰው አፍ አልሰማም አልኩ። ሌላው ቀድሞኝ አውቆ እያዘነልኝ እንዲያየኝ አልፈለግኩም። ሳልከፍተው ከሣጥን ሥር አኖርኩት።

የሙታን ቀን መጣ። የአንሴልሞን ገበታ ዘረጋሁ። ፎቶውን አቆምኩ። ከዚያ ሄጄ የሷን አመጣሁ፤ ከአባቷ ጎን አቆምኩት። ሻማ አበራሁላት። በሩ ክፍት ነው፤ በዚያ ቀን የሁሉም በር ክፍት ነው፤ ሰው ከቤት ቤት እየገባ ገበታ ላይ ፎቶው ላለ ሁሉ ይጸልያል። «አባቷን ያልቀበረች እሷም ሙት ናት» አልኩ፤ በሹክሹክታ አይደለም። አርባ ሰው ገባ። ፈሩኝ መሰለኝ፣ ጸለዩ። የሃያ ሁለት ዓመት ሕያው ልጅ «ነፍሷን ይማር» ተባለላት። ሻማው ዘመም ብሎ የፎቶውን ጥግ ያዘው። ያጠፋችው አበልጄ ናት፤ በመዳፏ። ጠባሳው አሁንም አለ። ሮሳልባ የዚያን ጊዜ እዚሁ ነበረች፤ በጃንዋሪ ሄደችና ነገረቻት።

ፊደል የቆጠርኩት ለግድግዳው ነው እላለሁ። ውሸት ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ያን ደብዳቤ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀችብኝ። እንዲህ ትላለች፦ ሥራ ፍለጋ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ስትዞር ቴሌግራሙ የደረሳት በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። አባቷ በተቀበረበት ቀን ቲማቲም እየለቀመች ነበር፤ እየዘፈነችም ነበር፤ ይህን ለራሷ ይቅር አትልም። መጨረሻ ላይ «ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ቃልሽን እጠብቃለሁ» ትላለች።

ቃሌን ጠበቀች። ሻማው ደረሳት።

ይህን ካነበብኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ምን ሠራሁ? ለማላውቃቸው ሰዎች ቆንጆ ቆንጆ ቃል ጻፍኩ።

ኦክቶበር 19

ኩካ ትናንት አልመጣችም። ዛሬም።

ኦክቶበር 24

ኢሜልዳ ተመልሳ መጣች። ተቆጥታ ትመጣለች ብዬ ነበር፤ ሻማም አበባም ሳትይዝ መጣች።

«ተሳስቻለሁ፣ ዶኛ ኤውላሊያ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ሕያው መሆናቸውን በምን ልወቅ?»

«ከሥሩ አንብቢ። ለሞተ ሰው የናፍቆት ቃል አልጽፍም። የሞተ የት እንዳለ ይታወቃል።»

ፎቶዎቹ ከግድግዳው እንዳይወርዱ፣ እሷ ግድግዳውን በካሜራዋ አንሥታ ያንን ፎቶ ብቻ እንድታሳይ ተስማማን። ሥራዋን ስትጨርስ ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አወጣች። ጢማም ሰው ነው፣ ከአውቶቡስ ጎን ቆሟል።

«አባቴ ነው። ስድስት ዓመቴ ሳለ ነው የሄደው። እዚህ ቦታ ይኖራል?»

ባደረግኩባት ነገር ሁሉ ላይ ይህን ጨመረችብኝ። ከባሕሩ አጠገብ ሰቀልኩላት። ምን ልጻፍ አልኳት። «እርስዎ ያውቃሉ» አለች። «ልጁ ፎቶው ላይ ካለው ከእሱ በዕድሜ በለጠች፤ ቢያያት አያውቃትም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች» ብዬ ጻፍኩ። ደጋግማ አነበበችው።

ከዚያ የምፈልገውን ጠየቅኳት። ሠላሳ ዓመት የፎቶ አንሺ ሚስት ሆኜ የራሴ ፎቶ የለኝም። አንሴልሞ «ነገ አነሣሻለሁ» እያለ ሞተ። ያ ወንበር አሁንም አለ፤ የሐይቁ ሸራም አይጥ በላው እንጂ አለ። ተቀመጥኩ።

«ትንሽ ፈገግ ይበሉ።»

«ለምኑ?»

«ለዐውደ ርእዩ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። አንሺ።»

ኦክቶበር 29

እንደገና «ልጄ» ብዬ ጻፍኩ። እንደገና እዚያው ቆምኩ።

ኦክቶበር 31

ኢሜልዳ ፎቶውን በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ላከችልኝ። አሮጊት ናት፣ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ዳክዬው ከትከሻዋ በላይ ይዋኛል። እናቴን መሰልኩ። እናቴም ይቅርታ መጠየቅ አታውቅም ነበር።

ኖቬምበር 1

የሞቱ ሕፃናት ቀን። የኔ ሕፃን የለችም በዚያ ገበታ። አበባ ቆረጥኩ፣ ዳቦ ገዛሁ፣ ወለሉን አጠብኩ።

ኖቬምበር 2

የአንሴልሞን ፎቶ አቆምኩ። ከጎኑ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሷ በቆመበት ቦታ፣ የኔን አቆምኩ። ሻማ አበራሁ። በሩን ከፈትኩ፤ ከገበታው ጎን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የገባችው የዳቦ ጋጋሪው እናት ናት። አማተበች፤ ለአንሴልሞ ጸለየች፤ ወደ ጎን አየች። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

«ዶኛ ኤውላሊያ... ላንቺም ልጸልይ እንዴ?»

«ልማዱ ምን ይላል?»

«እንጃ እኔ! እንዲህ ያለ አጋጥሞኝ አያውቅም!» ዳቦዋን ጥላ ወጣች።

ወሬው ከሷ ቀድሞ ደረሰ መሰለኝ፣ ብዙ ሳይቆይ ደጃፉ ሞላ። የሚገባ የለም። በመጨረሻ ኩካ ሰዉን በክርኗ እየጎሸመች ገባች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

«አበልጄ፣ አብደሻል? ገና እኮ ትተነፍሻለሽ!»

«እሷም ትተነፍስ ነበር።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ደጃፍ ያሉት ሁሉ ሰሙ። ያን ዓመት ከነበሩት ገሚሱ እዚያው ነበሩ፤ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።

«ያን ቀን የተሳሳተ ሰው ነው ያቆምኩት» አልኩ። «ሻማው የመጣበትን ያውቃል። ወደኔ ይዙር።»

ኩካ ባለጠባሳ መዳፏን ጉንጬ ላይ አሳረፈች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ወደ አደባባዩ አቅጣጫ ልትሮጥ ምንም አልቀራትም። በሷ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት። ስልክ ቤት እንደምትሄድ አውቄያለሁ። አላስቆምኳትም።

ኖቬምበር 3

ልክ አሥር ሰዓት ተኩል፦ «ዶኛ ኤውላሊያ፣ የፎቶ አንሺው! ዶኛ ኤውላሊያ፣ የፎቶ አንሺው!» ሌላዋ ኤውላሊያ እንዳትመጣ ነው። ቶማሳ አልረሳችውም።

አልሮጥኩም። እግሬ ከኔ ቀድሞ ሄደ እንጂ።

የአምፓሮ ድምፅ ወፍሯል። ሰላምታ የለም።

«ሮሳልባ ነገረችኝ። የራስሽን ፎቶ አቆምሽ?»

«አዎ።»

«ሻማም አበራሽ?»

«አበራሁ።»

ከሷ በኩል፣ ሆስፒታል ይመስላል፣ የሆነ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ሂጂና አጥፊው፣ እማዬ። ነገ ስነቃ የምጣላው ሰው እፈልጋለሁ።»

ሳቅ ነው ልቅሶ ነው፣ ከአፌ አንድ ነገር ወጣ። ቶማሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ደህና ነበር። ግን ከዚህ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ከሣጥን ሥር ማኖር አልቻልኩም።

«ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ።»

«ማን አነበበልሽ?»

«ራሴ።»

«አንቺ? አንቺ ታነቢያለሽ?»

«ፊደል ቆጠርኩ።»

«መቼ ነው ያነበብሽው?»

ባለፈው ሳምንት ልላት እችል ነበር። ማን ያውቃል?

«ከአራት ዓመት በፊት» አልኳት።

ጋሪው ራቀ። ከዚያ «እየጠሩኝ ነው» አለችና ተዘጋ።

ወደ ቤት መጥቼ ሻማውን አጠፋሁ፤ እንዳለችኝ። ፎቶዬን አወረድኩ። ከአምፓሮ ጎን ሰቀልኩት። ሁለት ባዶ ወረቀት ሆነ።

ኖቬምበር 4

ዛሬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ደብተሩን ይዤ መጣሁ። ሰው ቢያየኝስ?

ረፋድ። ሰባት ሰው ተጠራ።

ኩካ ምሳ አመጣችልኝ። ጎኔ ተቀመጠች።

ሮሳልባ የለችም፤ ሆስፒታል ናት ይሆናል። ቶማሳ ሁለት ጊዜ ደወለችላት፤ የሚያነሣ የለም።

ቶማሳ ዘጋች። «ዶኛ ኤውላሊያ፣ ግቢና ተኚ፤ ብትደውል በሌሊትም ቢሆን እጠራሻለሁ፤ ከተማው ከነቃ ይንቃ።»

አልጠራችኝም።

ኖቬምበር 5

አበባው ጠውልጓል። ልጠርገው ብዬ ተነሣሁና ከፎቶዋ ፊት ቆምኩ። እስክሪብቶ ይዤ። የመጣልኝ ሁሉ ለሙት የሚጻፍ ዓይነት ሆነብኝ። የሰቀልኳቸው ሁሉ ሲያዩኝ ተሰማኝ፤ ገበሬው ኮፍያውን እንደያዘ፣ እህትማማቾቹ በዚያ አንድ ቀሚስ።

ድምፅ ማጉያው ጮኸ። የቶማሳ ድምፅ ተሰብሯል፤ ሁልጊዜ ስም ብቻ ነው የምትጠራው፤ ዛሬ ግን እንዲህ አለች፦ «ዶኛ ኤውላሊያ! ዶኛ ኤውላሊያ፣ ነይ! አምፓሮ ናት! ራሷ ናት፣ በራሷ አፍ!»

ሮጥኩ። አዎ፣ ሮጥኩ፤ በነጠላ ጫማ፣ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ። ሰዎች ከየደጃፋቸው ወጥተዋል። ያኔ «ነፍሷን ይማር» ያሉት ናቸው። ቶማሳ ስልኩን በአንድ እጇ ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች።

«ቶሎ በይ፣ መስመሩ ይቆረጣል!»

«አንዴ ድገሚው።»

«ምኑን?»

«በድምፅ ማጉያው። ስሟን።»

«ልጅሽ እየጠበቀች ነው እኮ፣ ሴትዮ!»

«አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ድገሚው።»

ደገመችው። «አምፓሮ ናት! ከቺካጎ!» ድምፁ በአደባባዩ ላይ አለፈ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ላይ፣ አንሴልሞ እስካለበት እስከ መቃብሩ ድረስ ሄደ። በደጃፏ የቆመችው የዳቦ ጋጋሪው እናት አማተበች።

ከዚያ ስልኩን ተቀበልኩ። ደክማ ስትተነፍስ ሰማኋት። ሃሎ አላልኳትም፤ እንዴት አደርሽም አላልኳትም።

«ነይ» አልኳት።